ያገኘውን የሚበላ አሳማ አያተርፍም

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ከተማ ዳር 2,000 ካሬ ሜትር ቦታ አለን። ሦስት ሆነን የአሳማ እርባታ ልንከፍት ነው። የምንጀምረው በ100 እናት አሳማ ነው። አንዷ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በአንዴ 12 ብትወልድ በዓመት 2,400 አሳማ እንሸጣለን ብለን አስልተናል። አሳማ ያገኘውን ስለሚበላ ለመኖ ብዙ አናወጣም፤ የሆቴል ትርፍራፊና የቢራ አተላ እንሰበስባለን። በሽታም ብዙ አያጠቃውም ይባላል። እዚህ ፕሮቴስታንቱ ብዙ ስለሆነ ገበያው አያሳስበንም። የቀረን የቤቱ ዲዛይን ነው። ምን ዓይነት ቤት እንሥራ?»

ምላሽ፦

ቤቱን ለጊዜው ተዉት። ከጥያቄያችሁ ሁሉ ቀላሉ እሱ ነው። መጀመሪያ መታረም ያለበት 2,400 የሚለው ቁጥር ነው፤ ሌላው ስህተት የሚመነጨው ከእሱ ነውና።

እናት አሳማ 114 ቀን ታረግዛለች። ከዚያ አምስት ሳምንት ያህል ታጠባለች። ግልገሎቿ ጡት ከጣሉ በኋላ በሳምንት ገደማ ወንድ ትፈልጋለች። ያን ጊዜ ካልያዘላት ሌላ 21 ቀን መጠበቅ ነው። ወረቀት ላይ ሲሰላ በዓመት ከሁለት ዙር በላይ ይወጣል። በተግባር ግን ያልያዘላት፣ ያስወረዳት፣ ከስታ የዘገየች አትጠፋም። ለጀማሪ 1.8 ዙር ብላችሁ ያዙ። 12 የሚለውም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያ ወላድ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያነሰ ትወልዳለች። በሕይወት የተወለዱት 10 ቢሆኑ እንኳ አንዱን እናቱ ትተኛበታለች፣ ሌላውን ብርድ ይመታዋል። ስምንቱን ለጡት ማስጣያ ካደረሳችሁ ጥሩ ሠርታችኋል። ከዚያም በኋላ ጥቂት ይሞታል። ከአንዲት እናት በዓመት ለሽያጭ የሚደርሰው 14 ያህል ነው። በ100 እናት 1,400 ማለት ነው።

ከ2,400 ወደ 1,400 መውረዱ ቅር ሊያሰኛችሁ ይችላል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን 1,400ውም ለእናንተ በጣም ብዙ መሆኑ ነው። በየሳምንቱ 27 አሳማ መሸጥ አለባችሁ። 100 ኪሎ የሚመዝን አሳማ ሲታረድ ከነአጥንቱ 72 ኪሎ ያህል ሥጋ ይወጣዋል። ስለዚህ በየሳምንቱ 19 ኩንታል ሥጋ የሚረከብ ሰው ያስፈልጋችኋል። አሳማ ደግሞ እንደ እህል ጎተራ ገብቶ ዋጋ እስኪወጣ አይጠብቅም። 100 ኪሎ ካለፈ በኋላ የሚጨምረው በአብዛኛው ጮማ ነው። ገዢ ያጣ አሳማ በየቀኑ ሦስት ኪሎ መኖ እየበላ ዋጋው ይወርዳል።

«ፕሮቴስታንቱ ብዙ ስለሆነ ገበያ አለ» የሚለውን ደጋግሜ እሰማዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን አለመከልከሏ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ገዝቶ መብላቱ ሌላ ነገር ነው። አሳማ በማይበላበት ቤት ያደገ ሰው ስላልተከለከለ ብቻ ነገ ሄዶ አንድ ኪሎ አያስመዝንም። እናቱ የማትሠራው፣ ሠርግ ላይ የማይቀርብ፣ እንግዳ የማይጋበዘው ሥጋ ነው። ኦርቶዶክሱና ሙስሊሙ ደግሞ ጭራሽ አይበሉትም። በአገራችን የአሳማ ሥጋ የሚሄደው የውጭ ዜጎች ወደሚያርፉባቸው ሆቴሎች፣ ወደ ቻይና ምግብ ቤቶችና የግንባታ ካምፖች፣ ቋሊማና ሃም ወደሚያዘጋጁ ድርጅቶች፣ ወደ ጥቂት ሱፐርማርኬቶች ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ ከእናንተ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የውጭ ባለሙያዎች አሉ፤ ግን ሰው ስላለ ገበያ አለ አይባልም። ማን እንደሚያበስልላቸው፣ ሥጋውን ከየት እንደሚያመጡ፣ በሳምንት ስንት ኪሎ እንደሚወስዱ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ስትጠይቁ ሁለት ነገር ይገጥማችኋል። የመጀመሪያው ሆቴሉ ሙሉ አሳማ አለመፈለጉ ነው። «ወገብና ጭን አምጡልን» ይላችኋል። ጭንቅላቱ፣ እግሩ፣ ጮማውና የሆድ ዕቃው እናንተው ጋ ይቀራል። ክፍያውም ብዙ ጊዜ በዱቤ ነው። ሁለተኛውና የባሰው እርዱ ነው። በሬና በግ የሚታረድበት ቄራ ብዙውን ጊዜ አሳማ አይቀበልም፤ ሊቀበልም አይገባውም፣ የሚጠቀምበትን ሕዝብ እምነት ይነካልና። ለብቻው የተዘጋጀ፣ ፈቃድ ያለው፣ የሥጋ ምርመራ የሚደረግበት ማረጃ ያስፈልጋል። እሱ ካልተገኘ ከነነፍሱ ጭናችሁ ልትወስዱ ነው። አሳማ ሙቀት አይችልም፤ ቀን ተጭኖ መንገድ ላይ የሚሞት አለ። የሚጫነው ሌሊት ነው። አሳማ የሚጭን መኪና ማግኘትም ቀላል አይደለም። ብዙ ሾፌር በእምነቱ ምክንያት አይፈልግም፣ ለሠራተኛም እንዲሁ ነው። ይህ መከበር ያለበት ነገር ነው፤ አስቀድማችሁ የምታቅዱት እንጂ በኋላ የምትጋፉት አይደለም።

ወደ መኖው እንምጣ። ያገኘውን ይበላል የሚለው እውነት ነው። ባገኘው ያድጋል ማለት ግን አይደለም። አሳማ አያመሰኳም፤ እንደ በሬ ሣርና ገለባ ወደ ሥጋ የሚቀይር ሆድ የለውም። የተመጣጠነ መኖ ያገኘ የፈረንጅ ዝርያ በስድስት ወሩ 100 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል፤ አንድ ኪሎ ለመጨመር ሦስት ኪሎ መኖ ይበቃዋል። ትርፍራፊ ብቻ የሚበላው ዓመት ሊሞላው ይችላል። ያን ሁሉ ወር ቦታ ይዟል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ሠራተኛ ያሠራል። በርካሽ የተገኘው መኖ ተመልሶ ይወደዳል።

የቢራ አተላ ከ75 በመቶ በላይ ውሃ ነው። አንድ ኩንታል ጭናችሁ ስትመጡ በእጃችሁ ያለው ደረቅ መኖ ቢበዛ 25 ኪሎ ነው። በሐዋሳ ሙቀት በሁለት ሦስት ቀን ይኮመጥጣል። አሠር ስለሚበዛበት ላረገዙ እናቶች በመጠኑ ጥሩ ነው፤ ለግልገል ግን አይሆንም። የሚያድግ አሳማ 16 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ያለው መኖ ይፈልጋል። በቆሎ ግማሽ ያህል፣ ፉሩሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ የተቆላ አኩሪ አተር፣ የአጥንት ወይም የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ ጨው፣ የቫይታሚን ቅመም። አኩሪ አተሩ ጥሬ ከሆነ ፕሮቲኑ አይፈጭለትም። የኑግ ፋጉሎ ደግሞ ለብቻው አይበቃም፤ አሳማ ለሥጋ ግንባታ በጣም የሚፈልገው ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል። ሻጋታ የነካው በቆሎ ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ፤ ጉበት ይጎዳል፣ እርግዝና ያጨናግፋል። በአካባቢያችሁ በርከት ብሎ የሚገኘው ስኳር ድንች ተቀቅሎ ጥሩ የኃይል ምንጭ ነው። ፕሮቲን ግን ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት።

አሁን ቁጥሩን አስቡት። አንድ አሳማ ጡት ከጣለ እስኪሸጥ ሦስት ኩንታል ገደማ መኖ ይበላል። እናቱ በዓመት 11 ኩንታል ያህል ትበላለች። በ100 እናት ደረጃ በወር 450 ኩንታል መኖ ነው። በቀን 15 ኩንታል። ይህን ከሆቴል ጓሮ በባልዲ አትሰበስቡትም።

ከዚህም የሚከፋ አለ፤ ጊዜው። የአራት ወር ሴቶች ገዝታችሁ ብትጀምሩ ለማስጠቃት ሌላ አራት ወር ትጠብቃላችሁ። እርግዝናው አራት ወር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ግልገሉ ለገበያ እስኪደርስ ስድስት ወር ነው። የመጀመሪያው ብር የሚገባው በ14ኛው ወር ነው። እስከዚያ ድረስ አንዲት እናት ከነልጆቿ ከ30 ኩንታል በላይ ትበላለች። ለ100 እናት ከ3,000 ኩንታል በላይ። ይህን በዛሬው የበቆሎና የፋጉሎ ዋጋ አባዙት። ብዙ እርባታ የሚዘጋው በበሽታ አይደለም። በዘጠነኛውና በአሥረኛው ወር ላይ የመኖ ገንዘብ አልቆ፣ ያረገዙ እናቶች እየከሱ፣ በኪሳራ ተሸጦ ነው።

ስለ በሽታ የሰማችሁት ደግሞ አደገኛ ነው። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት የሚባለው በሽታ መድኃኒት የለውም፤ እዚህ አገር የሚሰጥ ክትባትም የለም። በመጀመሪያ የተመዘገበው በጎረቤታችን ኬንያ በ1921 (እ.ኤ.አ.) ነው። ኢትዮጵያ ውስጥም ከ2011 እስከ 2014 (እ.ኤ.አ.) ከታመሙ አሳማዎች በተወሰደ ናሙና ቫይረሱ ተረጋግጧል። ከገባ ሙሉውን በረት ሊጨርስ ይችላል። ኃይለኛ ትኩሳት ይይዛቸዋል፣ መኖ ያቆማሉ፣ ጆሮና ሆዳቸው ሥር ቆዳው ይቀላል፣ ይጠቁራል፣ በቀናት ውስጥ ይሞታሉ። ሰውን አይዝም። የሚተላለፈው ከአሳማ ወደ አሳማ፣ በሠራተኛ ጫማ፣ በገዢ መኪና፣ ከከርከሮ ጉድጓድ በሚወጣ መዥገር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በአሳማ ሥጋ ትርፍራፊ ነው። ቫይረሱ በቀዘቀዘና በጨው በተያዘ ሥጋ ውስጥ ለወራት ይቆያል። የአሳማ ሥጋ የሚያቀርበው ሆቴል ደግሞ ያው ትርፍራፊውን የምታነሡበት ሆቴል ነው።

«እናፈላዋለን» እንደምትሉ አውቃለሁ። ደንቡ ትርፍራፊው 90 ዲግሪ ደርሶ፣ ሳያቋርጥ እየተማሰለ፣ ቢያንስ ለ60 ደቂቃ እንዲቆይ ነው። በእርባታዎች የማየው ሌላ ነው። ግማሽ በርሜል፣ ከሥሩ ሦስት ጉማጅ እንጨት። ዳር ዳሩ ይንተከተካል፤ ሠራተኛው «ፈልቷል» ብሎ ያወርደዋል። መሃሉን በዱላ ስትቆፍሩት የእንጀራው ክምር እንደተጣበቀ ነው፣ ገና ለብ እንኳ አላለም። ውስጡ ስቴኪኒ አለ፣ ቆርኪ አለ፣ ፌስታል አለ። ስቴኪኒ አንጀት ይወጋል። የወጡ ጨው ደግሞ ራሱን የቻለ ችግር ነው። ጨው የበዛበት ምግብ በልተው ውሃ ከጠፋባቸው አሳማዎች ይመረዛሉ፤ ይዞራሉ፣ ግድግዳ ይገጫሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ። ስለዚህ እንደ እናንተ ላለ ጀማሪ ሥጋ የነካ ትርፍራፊ ጨርሶ አይግባ እላለሁ። የዳቦ ቤት ደረቅ ዳቦና የአትክልት ተራ ቅጠል ይበቃችኋል፤ እሱም ከመኖው ትንሽ ድርሻ ብቻ ይያዝ።

«የአሳማ ሥጋ በሽታ አለው» የሚል ገዢም ይገጥማችኋል። ስጋቱ መሠረት አለው። የአሳማ ኮሶ የሚባለው ትል እንቁላሉ ከሰው ዓይነ ምድር ይወጣል። ሜዳ ላይ የሚለቀቅ አሳማ ያንን ይበላል፤ ሥጋው ውስጥ ከረጢት ይሠራል። ሰው ሳይበስል ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። እንቁላሉ በእጅና በምግብ ወደ ሰው አፍ ከገባ ደግሞ ከረጢቱ አንጎል ላይ ሊቀመጥና የሚጥል በሽታ ሊያመጣ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። አሳማው ከግቢ አይወጣም። ሠራተኞች የሚጠቀሙበት በር ያለው ሽንት ቤትና የእጅ መታጠቢያ ሳሙና ይኖራል። ይህን ለገዢያችሁ ማሳየት ከቻላችሁ ከብዙ ማስታወቂያ ይበልጣል።

አሁን ቤቱ። አሳማ ቆሻሻ ስለሚወድ ጭቃ ውስጥ አይተኛም፤ በላብ ሰውነቱን ማቀዝቀዝ ስለማይችል ነው። ቦታ ከበቃው የሚተኛበትንና የሚጸዳዳበትን ራሱ ይለያል። በሐዋሳ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ፣ ዝቅ ባለ ቆርቆሮ ሥር እናት አሳማ መብላት ትቀንሳለች፤ ወተቷም ያንሳል። ሙቀት የመታው አውራ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ዘሩ ላይይዝ ይችላል። ስለዚህ ቤቱ ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ጎኖቹ ከወገብ በላይ ክፍት፣ ወለሉ ሻካራ ሲሚንቶ ሆኖ ወደ ቦይ ዘንበል ያለ ይሁን። አዲስ የተወለደ ግልገል ግን በተቃራኒው ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ለእሱ እናቱ የማትገባበት፣ አምፖልና ድርቆሽ ያለው ትንሽ ጥግ ይሠራለታል። የሲሚንቶ ወለል ላይ የተወለደ ግልገል አፈር ስለማይልስ ብረት ያጥረዋል፤ የእናቱ ወተትም ብረቱ ትንሽ ነው። በሦስተኛው ቀን 200 ሚሊ ግራም የብረት መርፌ መወጋት አለበት። ካልተወጋ በሦስተኛው ሳምንት ታዩታላችሁ። ጠጉሩ ይቆማል፣ ጆሮውን ወደ ብርሃን ስታዞሩት ነጭ ወረቀት ይመስላል፣ ጥቂት ሮጦ ያለከልካል። ያኔ ብዙው ረፍዶበታል።

2,000 ካሬ ሜትር ለ100 እናት ቤቱን ይችላል። ፍጉን ግን አይችልም። በዚያ መጠን በቀን ከ3,000 ሊትር በላይ ፍግና ሽንት ይወጣል፣ የማጠቢያው ውሃ ሳይቆጠር። የመጠጥና የማጠቢያ ውሃ በቀን ከ10,000 ሊትር ያልፋል። ጉድጓድ እንቆፍራለን ካላችሁ በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ብዙ ስለሆነ አስቀድማችሁ አስመርምሩ። ፍሳሹን በተመለከተ ግን አንድ ነገር በጥብቅ ልበል። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። የገባበት እዚያው ይቀራል። ፍግ ወደ ጎርፍ መውረጃ ወይም ሐይቁን ወደሚገብረው ወደ ጥቁር ውሃ ወንዝ የሚሄድ ቦይ ውስጥ መልቀቅ ዓሣውንም፣ ከሐይቁ የሚኖረውንም ሰው መጉዳት ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አለ። የከተማውን አካባቢ ጥበቃ ቢሮ ከመገንባታችሁ በፊት ጠይቁ። የጎረቤቶቻችሁንም ፈቃድ ከፍርድ ቤት በፊት እቤታቸው ሄዳችሁ ጠይቁ።

ምክሬ ግልጽ ነው። 100 እናት አትግዙ። 50ም አትግዙ። መጀመሪያ በሳምንት ሦስት አሳማ የሚወስድ ገዢ በጽሑፍ ያዙ፤ ማረጃውም ይታወቅ። ያ ካልተገኘ ሥራውን አትጀምሩት፤ ቦታችሁ ለዶሮም ለአትክልትም ይሆናል። ከተገኘ ጡት የጣሉ 20 ግልገሎች ዝምድና ከሌላቸው ሁለት እርባታዎች ግዙና አንድ ዙር አድልቡ። ወንዶቹ ገና ትንሽ ሳሉ የተኮላሹ ይሁኑ፤ ካልሆነ ሥጋው ይሸታል። የሚፈልጉት 60 ኩንታል መኖ ነው፤ ገንዘቡ ከመግዛታችሁ በፊት በእጃችሁ ይኑር። የበሉትን በየሳምንቱ መዝኑ፣ አሳማውንም በየወሩ መዝኑ። አንድ ኪሎ ለመጨመር ከአራት ኪሎ በላይ መኖ ከፈጀባችሁ መኖው ይስተካከል እንጂ አሳማ አትጨምሩ።

የመጀመሪያው ዙር ተሸጦ ገንዘቡ ከገባ 10 ሴትና አንድ አውራ ያዙ። አውራው የሴቶቹ ወንድም እንዳይሆን። አዲስ የሚገባ ሁሉ 30 ቀን ለብቻው ይቆይ። አሥሩ እናቶች በዓመት 140 ያህል ይሰጧችኋል፤ በሳምንት ሦስት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ከገዢያችሁ ጋር ይገጥማል። መኖው በወር 45 ኩንታል ነው። ከዚያ በላይ የምታድጉት ገዢው ራሱ «አነሰኝ» ሲላችሁ ብቻ ነው። ለአሥር እናት ከቦታችሁ ሩቡ ይበቃል። የፍጉ ጉድጓድ ከቤቱ በፊት ይቆፈር፤ ከድርቆሽ ጋር እየተደባለቀ ይብላላ። በቀረው መሬት ላይ ስኳር ድንች ትከሉ። ፍጉ እዚያ ይገባል፤ ሐረጉም ድንቹም ተመልሶ ለእናቶቹ ይሆናል።